ትንፍሽ

ሐረጎን በሁለት ማርሽ ይዤ ወረድኩ፣
ጭነቱ ሲገፋኝ በሞተር ገደብኩ፤
ኮምቦልቻ ስደርስ ከሥር ያለው ብረት
እጅ አያስጠጋም፣ እንደ ምድጃ እሳት።
ድልድዩ ታጥሯል፤ «በጎን እለፍ» አሉ፣
ጎኑ ቦርከና ነው፣ ከነጎርፉ ሙሉ።
አራቱንም ጎማ አዝዤ ገባሁ፣
ውሃው በሩን ልሶ፣ በወዲያ በኩል ወጣሁ።
እፎይ አልኩ እኔ።
መኪናው ግን ያን ጊዜ እፎይ አላለም፣
ወደ ውስጥ ሳበ እንጂ። እኔ አላየሁም።

ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ባቲ መንገድ ስሄድ፣
ከጭነቱ በታች ቀፎ ሙሉ ንብ ሲያብድ
ሰማሁና ዞርኩ፤ ከፋብሪካው ጀርባ
ጦይብ ጋራዥ ድረስ እያቃሰተ ገባ።

ቡሎኗን ፈታት። ዘይት ስጠብቅ
ማኪያቶ ወረደ።
ጦይብ አልተቆጣም። ጣቱን ነክሮ አሸው፣
አሸተተው፣ በጨርቅ ጠረገው፣
«ጠጥቷል» አለኝ፣
የጎረቤት ሕመም እንደሚነግር ሰው።

ከአክስሉ አናት ላይ አሳየኝ በባትሪ፦
አውራ ጣት የማትሞላ፣ ቆብ ደፍታ ኗሪ፣
ጭቃ የደፈናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ሳጥብ፣ ግራሶ ስሞላ፣ እሷን ዓይኖቼ ዘለሉ።

«ሲግል ሆዱ ያብጣል፣ በዚች ይተነፍሳል፣
ሲቀዘቅዝ ደግሞ በዚችው ይስባል፤
አፍንጫው ሲታፈን በጓሮ በር ይሄዳል፣
በፓራኦሊው ከንፈር ወንዙን ይጠጣል።
ብረት ምርጫ የለው፤ ከፊቱ ያገኘው
ቦርከና ነበረ፤ ቦርከናን ማገው።»

ተለማማጇ ሩቅያ ፈትታ በአፏ ብትነፋት
ጉንጯ አበጠ እንጂ ወዲያ አላለፈላት።
ናፍጣ ውስጥ ዘፈዘፈች፣ በሽቦ ወጋች፣
እንደገና ነፋች፣
ጭቃውን ተፋች፣ ሳቀች።

ከዚያ ሦስት ሜትር ተኩል የናፍጣ ቱቦ
ጦይብ በሻንሲው ላይ፣ ከሰልባትዮ በላይ ስቦ
ከኋላ መብራቱ ጀርባ ሰቀለው፣
ጫፉን እንደ ከዘራ ወደ ታች ቆልምሞ፣ ዝናብ እንዳይገባው።
የካምቢዮው በራሱ፣ የፊተኛው በራሱ
ኮፈኑ ሥር ወጡ፣ ከትኩሱ ቧንቧ ሸሹ።
ሩቅያ ማሰሪያውን ጠበቅ ልታደርግ ስትል
«አታንቂው» አላት። «አክስል ይዘላል፤
ላላ ያለ ዙር ተይለት።
የታነቀ ቱቦ ከተደፈነ በምን ይሻላል?»

እኔ ከሥር ተንጋልዬ አባቴን አሰብኩ፣
የአሰብ መንገድ ሾፌር።
አንድ ሰኔ፣ ኤሊዳር ላይ፣ ረዳቱ በሙቀት ወድቆ ቀረ።
እሱ ቤቱ ገባ፣ እግሩን ታጠበ፣
«ሆድ ይፍጀው» ብሎ ነገሩን ቀበረ።
«ቻይ ነው»፣ «ሆዱ ሰፊ ነው» ሲሉት እሰማለሁ፣
እኔም በዚያ ስሙ ኮርቼ አድጌአለሁ።
ትንፍሽ ሳይል ኖረ።
ደሴ ሐኪም ቤት፣ በመጨረሻው ክረምት፣
«ሳንባው ውሃ ቋጥሯል» አሉን፤ በመርፌ ቀዱለት፤
በጠርሙስ አየሁት። ደፍርሷል።
በየት በኩል ገባ ብዬ አልጠየቅኩም።

ጦይብ አዲስ ዘይት ሞላ፤
የኋላውን በክሪክ አንሥቶ «አስነሣው» አለኝ።
ጎማው በአየር ላይ ሲዞር፣ ብረቱ ሲሞቅ
ሩቅያ በሃይላንድ ውሃ ይዛ
የቱቦውን ጫፍ ነከረችው፦
ቡልቅ።
ቆይቶ ደግሞ፣ ቡልቅ።
ሳላጠፋው በፊት ጫፉን ነጠቀችው፣
«ሲበርድ ይጠጣል» አለች፣ ዕድሜ ልኳን እንደምታውቀው።
ጦይብ የቱቦውን ሂሳብ ብቻ ወሰደ፣ ከዚያም ላይ ቀነሰ።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ።
«ያ ረዳት፣ ስሙ ማን ነበር?»
ብዙ ቆየች፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል።
«አራጋው» አለች።