የሚዛኑ ዛፍ

በየወሩ ሐሙስ፣ ጤዛው ሳይደርቅ ገና፣
ትደርሳለች ባና ካሶንዴ፣ ሚዛኗን አንግታ በጫካው ጎዳና።
ድሮ መስቀያዋ ሙቶንዶው ነበረ፣
ሕፃን በከረጢት ሲወዛወዝበት፣ ሲስቅበት የኖረ።
ዘንድሮ መጥታ ቀና ብትል፣ ሰማይ ብቻ።
«ዛፉስ?» አለች።
ማንም ትንፍሽ አላለም።
እጄን ከኋላ ደበቅሁ፤ ጥላሸት በሳሙና አይለቅም።

ኅዳር ሲገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲያርሰው፣
ጎተራው ተሟጦ፣ የበቆሎው ቡቃያ ገና ሣር ሲመስለው፣
ያኔ ነበር ዛፉ ጡት የሚሰጠው።
ኢፊሺሙ እንላቸዋለን፤ ለሌላው አባጨጓሬ ናቸው፤
ከቅጠሉ ለቅማ፣ ሆዳቸውን ጨምቃ፣
በፍም ለብለብ አርጋ፣ በፀሐይ አድርቃ፣
እናቴ በጨው ያጎረሰችን፣
ማንም ሳይዘራው ያሳደገን፣
ማንም ሳይሸጠው ያጠገበን።

ሚዛን እኔም አውቃለሁ፤ ከሰል አክስዬ ነው የማድረው፤
ኬሻው ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ፣ ኪሎውን ሳላይ ነው የምናገረው።
ሙቶንዶው አሥራ አንድ ኬሻ ወጣው፤
የሚዛኑ ቅርንጫፍ ብቻውን አንዱን ሞላው።
ለካሳማ ምድጃ ሄደ፣ ለማላውቀው ሰው ወጥ።
በገንዘቡ ዱቄት ገዛሁ፤ የነጣ፣ እንደ አመድ የላመ።
ቺሴንጋ በልቶ ይተኛል፤ ጠገበ እንጂ መች ታመመ
እል ነበር።
ፀጉሩ ግን ቀላ፤ ሳሳ እንደ በቆሎ ጢም፤
ሆዱ ተነፋ፣ እግሩ አበጠ፣ ጨዋታ አያምረውም።
ምዋባ አየችኝና፣ «ዱቄት» አለች፣
«ለሆድ ነው እንጂ ለልጅ አይሆንም።»

ሚዛኑን ከትምህርት ቤቱ ጣራ ማገር ላይ አሰርነው፤
ቆርቆሮው ጮኸ፤ ልጁም አለቀሰ፤
መርፌው ሰባት ተኩል ደረሰ፣
ተንቀጠቀጠ፣ እዚያው ቀረ።
ሁለት ዓመቱ ነው።
የኔ አሥራ አንድ ኬሻ ስንት ኪሎ ነበረ?
ባና ካሶንዴ ስለ ዛፉ ደግማ አላነሳችም።
ክንዱን በጥብጣቧ ለካችው፣
ቀዩ ላይ ጣቷን አሳርፋ አቆየችው።

ማታ ብቻዬን ሄድኩ።
ከጉቶው ሥር ቡቃያ ወጥቷል፣
ቅጠሉ ቀይ፣ እንደ ሕፃን ድድ፤
ከቺሴንጋ ጉልበት አይበልጥም ቁመቱ።
ስንት ክረምት ይቆም ይሆን፣ የእሳት እራት ሳይሆን፣
የእሳት እራት መጥታ እንቁላሏን እስክትጥልበት?
ማን ቀድሞ እንደሚያድግ አላውቅም።
ከፍየል እንዲተርፍ እሾህ አጠርኩለት።

ሲነጋ መጥረቢያዬን አነሳሁ፤
ከወንዙ ማዶ ገና ያልተነካ አለ ይላሉ።
ነገም ዱቄት ያስፈልጋል።