ሁለት መስኮት

መስኮቴ ጠባብ ነበረች፣ አንድ እጅ ብቻ የምታሳልፍ፤
ከሰው ሁሉ የማውቀው ጣት ነው፣ ጥፍር ነው፣ መዳፍ።
ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ኦሽ ከተማ፣ ከአክ ቡራ ወንዝ ማዶ፣
ሜታዶን ስሰፍር፣ ጥር ሲገባ ደጁን ሲደፍነው በረዶ፣
ፊት አላይም ነበር። ደንቡ ስም ነው፣ ፊርማ ነው፣ ብርጭቆ፤
«ዋጥ፤ አፍህን ክፈት።» ቀጣዩ ይመጣል አንገቱን ደብቆ።

ሰይትበክን በእጁ አውቀዋለሁ፦
የጭነት መኪና መሪ ያደነደነው፣
አውራ ጣቱ ላይ የድሮ ስፌት ያለው።
ወደ ቢሽኬክ ድንች ሲያመላልስ ኖሮ
በኋላ ሌላ ነገር የጫነ፣
በኋላም ከጫነው የቀመሰ ሰው።

መስከረም ላይ ሳል ያዘው።
ነቀርሳ ነው ተባለ፤ ሌላ መስኮት ታዘዘለት
ከሱለይማን ተራራ ጀርባ፣ ሚኒባስ ሁለቴ ተቀይሮ የሚደረስበት።
የእኔ በሦስት ሰዓት ይከፈታል፣ የዚያኛውም በሦስት፤
የእኔ በአምስት ይዘጋል፣ የዚያኛውም በአምስት።
የታመመው አንድ ሰው ነው፤ መዝገቡ ግን ሁለት፦
ሳንባው ወዲያ ማዶ፣ ሱሱ ወዲህ ማዶ፣
እሱ በመካከል፣ የሚኒባስ በር ላይ፣ በጠዋት ማልዶ።

ኅዳር ላይ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ።
ብርጭቆው ከጥርሱ ሲጋጭ ይሰማኛል።
«አነሰኝ፣ ጂፓር» አለ፣ «ሌሊቱ አጥንቴን ይፈጨዋል።»
እኔም እንደ ልማዴ አወቅሁት።
«በጎን ትወጋለህ» አልኩት፣ ሰልፈኛው እየሰማ፣ ጮክ ብዬ።
ኪሱ ካለች ቁራሽ ዳቦ ላይ እጁን ጭኖ ማለልኝ፤
እኛ ዘንድ ከዳቦ በላይ መሐላ የለም።
ስንቱ በዳቦ ምሏል ብዬ
በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ፦ «ይጠረጠራል።»

ምስጢሩን ከሁላችን በፊት የደረሰበት እሱ ነው።
የወዲያኛውን እንክብል በዘለለ ሳምንት አይንቀጠቀጥም፤
ስለዚህ ዘለለ።
እዚያም በቀይ ጻፉ፦ «ቸልተኛ ነው፤ መድኃኒቱን አይጨርስም።»
ታኅሣሥ ላይ መሐረቡ ላይ ደም ተፋ።

ያኔ ነው ዶክተር ሙሐባት፣ ካፖርቷ ላይ በረዶ እንዳለ፣
መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልላ የመጣችው፤
ማንም ሳያዛት፣ በራሷ ሳንቲም።
«ስንት ትሰጪዋለሽ?» አለችኝ።
ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን ዘረጋን፣
ቀን በቀን፣ በጣታችን እየሄድን፤
የእሷ ቀይ እንክብል በገባበት ሳምንት
የእኔ ብርጭቆ ጉልበት አጥቷል።
አንዱ ሌላውን ሲያባርር፣ ሆዱ የጣውንቶች ቤት ሆኖ፣
እኛ ባለ መድኃኒቶቹ ሰላምታ እንኳ አልነበረንም።
እሱ ተንቀጥቅጦ ነግሮን ነበር።
እኛ ፊርማ እንለቅማለን።

በዚያው ቀን መጠኑን ከፍ አደረግን።
የቀረው የአናጢ ሥራ ነው፦
ስድስት ወር ደብዳቤ፣ አንድ ከሰዓት መጋዝ።
እንክብሉም፣ ብርጭቆውም፣ የጉበት ምርመራውም
አሁን ከአንድ ጠረጴዛ ይነሳል።
ሙሐባት ማክሰኞና ዓርብ ትመጣለች፤ ስለ ማሞቂያው ታማርራለች።
በረኛው ዛሬም ሰልፈኞቹን «እነዚያ» ይላቸዋል።

ሰይትበክ ግማሽ ሳንባ ይዞ ተመለሰ።
ቀዩን ጽሑፌን በሰማያዊ ሰረዝኩት፤ ቀዩ ከሥር ይታያል።
ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት፣ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ሲቀር፣
«ዋጪው» ብሎ ሳቀብኝ።

ቀና ብዬ በሰፊው መስኮት አየሁት።
ለካ ዓይኖቹ አረንጓዴ ናቸው።