መንታ ይሁኑ

እንዳላማው መጣ፣ ሽቅብ ከአዘዞ፣
ባለ ሁለት በሯን ቀይ መኪናውን ይዞ።
ቀኝ ስፖኪዮዋ የለም፤ ሽቦው ብቻ ቀርቶ፣
እንደ ዶሮ አንጀት በበሩ ላይ ወጥቶ።
«ባጃጅ ነው የላጨኝ፣ ሳሙና በር ላይ፣
አላየሁትም» አለ፣ መሬት መሬት ሲያይ።
ሶማሌ ተራ ደውሎ ቢጠይቃቸው፣
ለአንድ መስታወት የሞተር ነው ዋጋቸው።

«አንቺው ሥሪው በቃ። ግን እንደ ውድድር፣
ቀጠን፣ ሾል ያለ፣ ነፋስ የሚሰብር።
ግራውንም ንቀይው፣ ባንድ ይወጠኑ፤
አደራ፣ አንጓች፣ መንታ ይሁኑ።»

አባቴ የድስት ነበር፣ እኔ የኮፋኖ፤
ያው መዶሻ ነው፣ ቅርጹ ሌላ ሆኖ።
ከቀሃ ድልድይ ማዶ አጥሬ ላይ ስሜ አለ፣
ክረምት እያጠበው ግማሹ የጎደለ።

ማታ በብስኩት ካርቶን ጀርባ ነደፍኩ።
የመጀመሪያው ማንኪያ መሰለኝ፤ ቀደድኩ።
ሁለተኛው ጆሮ ነው፣ የቆመ፣ የአህያ፤
«ቅዳሜ ጫኚው» አለኝ ታድሎ፣ «ለገበያ!»
ሦስተኛው ግን፣ ሦስተኛው
ከበሩ ጥግ ተነሥቶ የሚያመልጥ ይመስላል፤
እግሩ ስንደዶ አክሎ፣ ፊቱ ምላጭ ያህላል።
ወደድኩት። ሥራ ግን በመውደድ አያልቅ፤
የነጂው ዓይን ደግሞ ልኩን ይጠየቅ።

«ግባ» አልኩት በማግሥቱ፣ «ከመሪው ኋላ፣
እንደምትነዳው ሁን፤ ትከሻህ ይላላ።»
ታድሎ በቀኝ በኩል የመስታወት ስባሪ ያዘ።
እኔ ግድግዳው ጋ፣ ምልክት ላሰምር።
«ይታያል?»
«ይታያል።»
ታድሎን ትንሽ አስጎነበስኩት። «አሁንስ?»
«አሁንም ይታያል።»
ጠመኔው ገና ከኪሴ አልወጣም ነበር።

ምንም አልተናገርኩ። በቀኙ ዞሬ፣
እጄን አነሣሁ፣ ከጆሮው ጀምሬ፣
ቀስ አድርጌ አሳለፍኩ፤ ሽፋሽፍት አልነቃ፣
ዝንብ እንዳላለፈ፣ እንደ ተኛ ዕቃ።
አፍንጫው ደፍ ሲደርስ፣ ያኔ ደነገጠ፤
ግራ ዓይኑ ያዘኝና ፊቱ ተለወጠ።

«ሁለት ዓመት ሆነው» አለ፣ ድምፁ ወርዶ፣
«እንደ ፋኖስ ሄደ፣ ጋዙን ጨርሶ ነዶ።
መንታ ይሁኑ ያልኩሽ
ሰው እንዳያውቅ ነው።»

ሌሊቱን አልተኛሁም።
አንዱ ልቤ «ከልክዪው፣ ቁልፉን ንጠቂው» ይላል፤
አንዱ ልቤ ተነሥቶ ሴንቲ ሜትር ይለካል።
በሩ ላይ ከዋለ አንገቱን ይጠመዝዛል፤
ጠምዝዞ እስኪመለስ ፊት ለፊት ሕፃን ያልፋል።
ስለዚህ ወደ ፊት፣ ፓራፋንጎው ላይ፣
ግራው ዓይን ካለበት ሳይነሣ እንዲያይ።
መስታወቱን ጎበጥ ካለ፣ ብዙ ከሚሰበስብ፣
ከባጃጅ ቆረጥኩት። ይቺን እሱ አያስብ።
ግራውስ? በሩ ላይ ምንም አልቸገረ፤
ለቀኙ ብሎ ግን አብሮት ተሻገረ፣
ወንድሙ እንዳያፍር አጠገቡ አደረ።

ፋይበር፣ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣
ጣቴ ተላጠ እንጂ አልተውኩትም ሌሊት።
ሐምሌ ነውና ቀለሙ አልደርቅ ብሎ፣
በከሰል ምድጃ ሲያሞቀው አደረ ታድሎ።

ከዚያ እንደገና ግድግዳው ጋ ቆምኩ፤
አሁን ጠመኔውን አውጥቼ ጻፍኩ።
«ምን ይላል?»
ዘገየ። አንገቱ አልዞረም።
«ገ» አለ፤ «ግን ገልብጠሽ ነው የጻፍሽው።»
አልገለበጥኩም።

ቀሪ ሒሳብ አለበት፤ ለመስከረም ብሎኛል።
መኪናዋ ግንቡን ዞራ ፒያሳ ስትቆም
የሠፈሩ ልጅ ሁሉ መጥቶ ይከባታል፤
«ጃፓን ነው» ይላል አንዱ፤ አንዱ ጠጉሩን ያበጥርባታል።
«ለምን ወደ ፊት ሄዱ?» ብለው
እኔን ሲጠይቁኝ፣
«ለነፋስ ነው» እላለሁ።