እንደ ዘበት

«አጎቴ፣ አንዴ ድገመው፤ አሁን ግን እንደ ዘበት፣
ማንም እንደማያይህ፣ ብቻህን እንዳለህበት ዕለት።»

ኤቫሪስቶ ሳይመልስልኝ ቁልቁል ወረደ ደረጃውን፣
መቶ አሥራ አራት እርከን፣ ተሸክሞ የጋዝ ሲሊንደሩን።

ቫልፓራይሶ ዳገት ነው፤ ቤቱ ቆርቆሮ የለበሰ፣
ቢጫው፣ ሐምራዊው፣ ሰማያዊው፣ በባሕር ጨው የተላሰ።
ከታች ወደብ ነው፣ ክሬን ነው፣ የመርከብ ጡሩምባ ነው፤
ከላይ የተሰጣ ልብስ ነው፣ ነፋስ እጅጌ ሲያስጨበጭበው።

እኔ ማይቴን ነኝ፣ የእህቱ ልጅ። ተራ ቀን ነው የምቀርጸው፤
ሠላሳ ሰከንድ ሕይወት፣ ሰው አጋጣሚ የሚለው።
ያልታሰበውን ሳስብ ነው ሌሊቱን ሁሉ የማድረው።

በመጀመሪያው ቀረጻ ውሻው ፊቱን አዞረ።
በሁለተኛው የኤርሚንዳ መስኮት ተቀርቅሮባት ቀረ፤
(ከፍታ «ምን ገባ ዋጋው?» እንድትል ነግሬያት ነበረ።)
በሦስተኛው ጉም መጣ፤ ከባሕር ሽቅብ ተጎትቶ
አጎቴን ከነሸክሙ ዋጠው፣ ሁለት እግር ብቻ አስቀርቶ።

«ቆንጆ ነው፣» አልኩት ቶሎ፤ «ሳቅህ ብቻ ቀደመ።
ብረቱን በመፍቻ ምታ፤ ድምፁ ገደሉን ዞሮ ከደከመ፣
ያኔ ሳቅ፤ ድንገት።»
«ድንገት?» አለኝ። እያየኝ ቆመ።

«ባዶውን ልያዝ?» ብሎኝ ነበር ጠዋት፣ ገና ሳንጀምር።
«ባዶ ያስታውቃል፣» አልኩት፤ «ትከሻ ላይ ውሸት አያምር።»

አራተኛውን ወጣ።
ስድሳ አንደኛው እርከን ላይ
ሸክሙን አወረደ ቀስ ብሎ፣ ዓይኑ ወደ ባሕሩ ሲያይ።
ስልኬን ኪሴ ከትቼ ሮጥኩ። ውሃ ሰጠሁት። ተቀመጥን።
እናቴ እዚሁ እርከን ላይ፣ በሰባት ዓመቷ፣
ጥርሷን እንደሰበረች ነገረኝ። ከዚያ ዝም አልን።

ማታ ስከፍተው፣ ለካስ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ሲቀርጽ ነበር፦
አሥራ አንድ ደቂቃ ጨለማ። የጨርቅ ኮሽታ። ትንፋሽ ሲሰበር፣
ሲቆም፣ ሲመለስ። መርከብ ከሩቅ። የተቀረቀረ መስኮት
ሲጥጥ ብሎ ሲከፈት።
ኤርሚንዳ «ምን ገባ ዋጋው?» ስትል፣ ማንም ሳይነግራት፣ እንደ ዘበት።
ከዚያ ሳቁ።
ከብረቱ በኋላ አይደለም፤ ከምንም በኋላ አይደለም፤
ደግሜ ደጋግሜ ሰማሁት፤ ምክንያቱን አላገኘሁም።

የጉሙን ለሰው ላክሁት፤ ሰውም እንዳሰብኩት ወደደው፤
«እንዲህ ያለ አጋጣሚ!» አለ። አጋጣሚ ነው። ምን ልበለው?
ጨለማውን ለማንም አላሳየሁ። ለእሱም ቢሆን።
ምን ብዬ ነው የማሳየው? «ይኸው፣ ትንፋሽህ ሲያጥርህ» ልለው ይሆን?

እርሳስም ይቀረጻል፣ አልኩ ለራሴ፣ ጋደም እንዳልኩ፤
በሾለ ቁጥር ነው የሚያልቀው።
አጎቴን ስንቴ ቀረጽኩ?

ዛሬ ማለዳ ከታች ብረቱ ሲጮህ ሰማሁት፤
እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። እዚያው ኪሴ ውስጥ ተውኩት፤
ስንት እርከን እንደቀረው
በጆሮዬ ቆጠርኩለት።