የጥቅስ ቆጠራ

ጡረታዋ ሲደርስ ቅጽ መጣ ከበላይ፤
«ዶክተር ጽሩያ ሃልፎን» ይላል ከአናቱ ላይ።
ዝቅ ሲል ሠንጠረዥ፣ ዝቅ ሲል ጥያቄ፦
«ስንት ሰው ጠቀሳት?»
ሳቄ መጣ እኔማ፣ ዋጥሁት ተጨንቄ።
በእኛ ቋንቋ መጥቀስ ዓይንም ይሠራዋል፤
ይህን ለጸሐፊዋ ለስመዳር ማን ያስረዳልኛል?
ቅጹ በዕብራይስጥ፣ ሳቁ በአማርኛ፤
ስለዚህ ዝም አልሁ፣ እንደ ደህና ሠራተኛ።

እኔ ምሁር አይደለሁም። ሾፌሯ ነኝ፤ ገመድ ያዥ።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከኢየሩሳሌም ቁልቁል፣
ጆሮ እስኪደፈን ድረስ፣ ፍሬን እስኪቃጠል፣
ዓይንጋዲ ወርደናል። ከወገቧ ገመድ፣
ጫፉ ከእኔ መዳፍ፤
እሷ ከገደሉ አፍ፣ እኔ ከዳር መንገድ።
የተሸረፈውን ደለል በጥፍሯ እየጫረች፣
«ነጩ በጋ፣ ጥቁሩ ጎርፍ» ታስቆጥረኛለች።
መስመሩ እንደ ታሸ ጨርቅ ከተጨማደደ
«እዚህ ጋ» ትላለች፣ «ያን ቀን ምድር ራደ።»
አንድ ቀን ጠየቅኋት፣ «ያኔ ማን ነበረ?»
«ማንም አልጻፈውም፤ ጭቃው ነው የመሰከረ።»

ወረቀቱን ገለጥሁ፤ ሠላሳ አንድ ጽሑፍ።
አንዱን ሰባት፣ አንዱን ዐሥር ሰው ጠቅሶት ሲያልፍ፣
አንዱን አንድ ሰው ብቻ፤ እሱም ራሷ ናት።
«መለኪያዋ ዐሥራ አንድ» ይላል፦ ዐሥራ አንድ ሥራ፣
እያንዳንዱ ቢያንስ ዐሥራ አንዴ የተጠራ።
ይህ ነው አሉ ቁመቷ።
እኔ የማውቃት ግን በገመዱ ልክ ነው፤
አርባ ሜትር ሙሉ፣ መዳፌን የላጠው።

ከሁሉ የገነነው፣ ስድስት መቶ ያለበት፣
የቱ እንደ ሆነ ብጠይቃት፣
«የተሳሳትሁት» አለች፣ ሻንጣ እየዘጋች።
ልጅ ሳለች የዓይንጋዲን ጉድጓዶች አይታ፣
ጥፋቱን ለርዕደ ምድር ሰጠች ሌላውን ትታ።
ለካ ባሕሩ ሲሸሽ የተራራው ውኃ ነው
ከሥር ሾልኮ ገብቶ ጨዉን የበላው።
ይኸው ከዚያ ወዲህ እሷን ሳያርም፣
ስሟን ሳይጠራ የጻፈ የለም።
ስድስት መቶ ሰው «ተሳስታለች» እያለ፤
ነቀፋውም ጥቅስ ነው፣ ቁጥሯ ከፍ አለ።

ከዝርዝሩ ግርጌ ግን አንድ ቅጠል አለ፤
ካርታ፣ በቀይ እርሳስ የተከለለ።
«የውስጥ ዘገባ» ይላል። ጠቃሽ፦ የለም።

ያን ካርታ አውቀዋለሁ። የዳስ በዓል ሳምንት ነበር፤
ድንኳን በድንኳን ላይ፣ ሥጋ ሲጠበስ በባሕሩ ዳር።
ኦቫድያ፣ የሰፈሩ ኃላፊ፣ ተቆጣ፤
«ገበያዬን ልትዘጊ? ማን አምጪ አለሽ ጣጣ?»
«ነገ አይደለም» አለችው፤ «ሰው አሁኑኑ ይውጣ።»
ሰደባት። እያጉረመረመም ድንኳን ነቀለ።
በሦስተኛው ንጋት ግቢው ጎደለ፤
ሁለት የተምር ዛፍ፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ የአይስክሬም ማቀዝቀዣ
ገቡ።
ሰው አልገባም።
ያልሞተ ሰው ደግሞ ጽሑፍ አይጽፍም፤
እንዳልሞተም እንኳ ብዙው አያውቅም።

ባለፈው ሰኞ፣ የመጨረሻውን ሣጥን ጭነን ስንመለስ፣
ከቤንዚን ማደያው ጥላ ሥር ኦቫድያን አገኘነው፤
አርጅቷል። ተምር በከረጢት ይሸጣል።
ሰላም አላለንም፤ ይቅርታም አልወጣው።
ግራ ዓይኑን ብቻ
ጠቀሳት።
ሁለት ከረጢት ገዛች፤ መልሷን ሳትቀበል ገባች መኪና።
እስከ ተራራው ወገብ ድረስ
የተምር ፍሬ ስትተፋ እሰማት ነበር በመስኮት፣ እየሳቀች።

ቅጹን ለስመዳር ስመልስ ከድምሩ አንድ ጨመርሁ።
«ምንጩስ?» አለች፣ ከስክሪኑ ቀና ብላ።
«ዓይን» አልኋት።
ዓይንጋዲ መስሏት ጻፈችው፤ አለፈች ወደ ሌላ።