ከግራ ሰባተኛው

ሐሙስ ነው፤ ኦሎሞውትስ ከጧት ጀምራ ትዘንባለች፤
ትራሟ ማዘጋጃ ቤቱን ስትዞር እንደ ድመት ታለቅሳለች፤
ፏፏቴው ላይ የቆመው የድንጋይ ፈረስ
ዝናቡ አልበቃው ብሎ ውሃ ይተፋል
የገዛ ደረቱ እስኪርስ።
እኔንም ጃንጥላዬን ነፋስ ገለበጠብኝ፤
ርቦኝ አይደለም የገባሁት፤ መድረቅ ነው ያማረኝ።

በሩ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ፣ መሐሉን የተሰነጠቀ፤
ሳይወድ እጅ ይነሣል የሚገባ ሁሉ፣ የናቀም ያደነቀ።

ስድስት ጠረጴዛ። ወንበሩ ሁሉ ከየቤቱ የመጣ ይመስላል።
ከእንፋሎቱ ውስጥ የካዙናሪ ፊት ብቅ ጥልቅ ይላል፤
ብቅ ሲል ትእዛዝ ይሰማል፣ ጥልቅ ሲል ሽንኩርት ይከትፋል፤
የአጥንት ሾርባው እየተንተከተከ የሰዉን ወሬ ይሸፍናል።

ግድግዳው ግን ሌላ ነው፦ ከወለል እስከ ጣራ መሳቢያ፣
በደበዘዘ ወርቅ፣ በላቲን፣ የየሥራሥሩ መጠሪያ።
መድኃኒት ቤት ነበር አሉ፣ ሾርባ ሳይገባበት፤
«ቤላዶና» ከሚለው ውስጥ ዛሬ መብያ እንጨት፤
ከሳል ጽላቱ ቦታ የባሕር ቅጠል፤
ከ«ኦፒየም» ውስጥ፣ ጉድ እኮ ነው፣ የልጆች ማንኪያ ተደርድሯል።

ከጎኔ ቦህዳና። ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል።
ኮፍያ እንዳጠለቁ፣ በሁለቱ እንጨት ኑድሉን ይጠልፋሉ፣
ሹራብ እንደሚሠራ ሰው ዘለላ ዘለላውን ይቆጥራሉ፤
እንቁላሉን ገፋ አድርገው፣ «አልበሰለም» ይላሉ።
«ወጉ ነው፤ አስኳሉ መፍሰስ አለበት» አለች ራድካ፣ አስተናጋጇ።
«በኛ ጊዜ የፈሰሰ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ ነበር፣ ልጄ።»

እና ዝም። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ተተክሎ ቀረ፤
አራተኛው ረድፍ፣ ከግራ ሰባተኛው፣ እንዳኮረፈ የኖረ።
«እዚያስ ምን ከተታችሁ?»

ካዙናሪ ሳቀ። «እሱ ጌጥ ነው፤ መሳቢያ አይደለም።
ስድስት ዓመት ሳብኩት። አናጢ ሳበው። ዓርብ ማታ
ቢራ የቀመሰ ሁሉ ይስበዋል። ንቅንቅ አይልም።»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ተነሡ።
ጉልበታቸውን ከሳንቃው ጎን፣ አንድ መዳፍ ከታች፤
ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣
ከዚያ ቀስ፣ ሕፃን ከእንቅልፉ እንዳይነቃ ያህል።
ቷ።

ሽታው ቀደመ፤ እንስላል፣ ደረቅ፣ የከረመ፣
የሾርባውን ጠረን ገፍቶ መሐል ቤት ቆመ።
ውስጡ ብጣሽ እርሳስ፤ ጫፉ ተነክሶ፣ ተነክሶ ያለቀ።

«ጥርሱ የኔ ነው» አሉ። «አለቃዬ ህራዲል
እርሳስ የምትነክስ ሴት አይወድም፤
ድንገት ሲመጣ ወረወርኩት፣ ነገ አወጣዋለሁ ብዬ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያኔ ጥርሴ ሙሉ ነው።»

ካዙናሪ እጁን በሽርጡ ጠርጎ ሞከረ፤ እምቢ።
ደገመ፤ እምቢ። «ወደ ግራ አልኩህ እኮ!»
በሦስተኛው ሲከፈትለት፣ እንደ ልጅ፣
ወደ ኩሽናው ዞሮ በአገሩ ቋንቋ ጮኸ፤
ከውስጥ አንድ ሰው፣ ምን እንደሆነ ሳያይ፣ አጨበጨበ።

ሒሳብ መጣ። በዚያው ብጣሽ እርሳስ፣ በወረቀቱ ጥግ፣
ከላይ ወደ ታች ደመሩ፤ ከታች ወደ ላይ ደገሙት።
«ተሳስተሃል» አሉት።
«የቱ ጋ?»
ጎድጓዳ ሳህናቸውን አዘነበሉለት፤
ታቹ ደረቅ፣
ጠርዙ ላይ አንዲት ቢጫ መስመር።
«እንቁላሉን አልደመርክም።»