ቤት ያልመታ ግጥም

ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ፤ ሆባርት፣ ሙና ሰፈር።
ሐምሌ እዚህም ክረምት ነው።
ኩናንዪ ተራራ በረዶውን ተከናንቦ
ቁልቁል ያያል አንድ በር ፊት የተሰለፈውን፦
ሠላሳ አንድ ሰው፣ ሁለት የሕፃን ጋሪ፣ አንድ ውሻ።

ሁለት መኝታ፣ አጥር የሚያይ አንድ መስኮት፤
አምስት መቶ ሃያ ዶላር።
ሮጂና መጀመሪያ ስትሰማ የወር መስሏት
"ይሁና" ብላ ነበር።
የሳምንት ነው አሏት።
እዚህ አገር የቤት ወር
በየሳምንቱ ይብታል።

ኪሾር፣ ባሏ፣ ቺትዋን እያለ ድልድይ ይለካ ነበር፤
አሁን ሳልሞን ፋብሪካ ዓሣ ሲመዝን ያድራል።
እሷ ከአረጋውያን መጦሪያ
የሰው እናት ታጥባለች፣ የሰው አባት ታጎርሳለች።
ሁለቱ የሚተያዩት ጎህ ሲቀድ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣
ልጃቸውን አንሹን እንደ ዱላ ቅብብል ሲቀባበሉት ነው።

የሚኖሩት በአክስቱ ልጅ ሳሎን፣ ከአንሶላ ጀርባ።
አንሶላው ግድግዳቸው ነው።
አንሹ በሰማያዊ እስክርቢቶ በር ሥሎበታል፣ ከነእጀታው።
ሲገባ ያንኳኳል፤
ጨርቅ ድምፅ የለውማ፣ በአፉ "ኳ ኳ" ይላል።

ወኪሉ መጣ። ወጣት ነው፣ ቁልፉን እንደ መቁጠሪያ ያሽከረክራል።
"አሥራ አምስት ደቂቃ" አለ፣ "ጫማችሁን ጠርጉ።"
ገቡ። ቧንቧ ከፈቱ፣ ቁም ሣጥን አንኳኩ፣ ግድግዳ አሸተቱ።
ጥጉ ላይ ሻጋታ አለ፤ ሁሉም አየው፣ ማንም አላነሳው፤
የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ ሻጋታም ከነቤቱ ይገባል።

ቅጹ ይጠይቃል፦
የቀድሞ አከራይዎ ስም፣ ስልክ፣ የጽሑፍ ምስክርነት።
ቤት ለማግኘት መጀመሪያ፣ ቤት ነበረኝ ማለት።

(ይቅርታ፣ አንባቢ፤ ይህ ግጥም ቤት አይመታም።
ስንኜን ይዤ ዞርኩ፤ ያንኳኳሁት ሁሉ "ተይዟል" አለኝ።
ድንገት አንዱ ጋ ቢመታም እንግዳ ነውና አይቆይም።)

ከኋላዋ የቆመችውን ባለ ሽበት ነጭ ሴት
ሮጂና የቤቱ ባለቤት መስላት
መዳፎቿን ገጥማ እጅ ነሳች።
"ኧረ እኔም እንዳንቺው ነኝ" አለች ሴትዮዋ። ስሟ ሞሪን፣ ዕድሜዋ ሰባ አንድ።
"ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የተከራየሁት ቤት ተሸጠ።
ሎሚ ተክዬ ነበር። እሱም አብሮ ተሸጠ።"
እዚሁ ከወንዙ ማዶ ተወልዳ፣
ባሕር ሳትሻገር ስደተኛ ሆናለች።
ሮጂና "አይዞሽ" ልትላት በእንግሊዝኛ ቃል ፈለገች፣ አጣች፤
በኔፓልኛ አለቻት።
ሞሪን አንገቷን ነቀነቀች፣ እንደገባት ሁሉ።
ምናልባትም ገብቷት ይሆናል።

ማክሰኞ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልእክት ደረሰ፦
ስላመለከቱ እናመሰግናለን፤ በዚህ ጊዜ አልተሳካልዎትም።

ሐሙስ ማታ ስልክ ጮኸ።
"ግሌኖርኪ ሦስት መኝታ አለ፣ ጓሮ አለው" አለች ሞሪን፤
"በጡረታዬ ብቻ አልችለውም።
እናንተ ደመወዝ አላችሁ፣ ምስክር የላችሁም፤
እኔ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ምስክር አለኝ፣ ደመወዝ የለኝም።"

ኪሾር ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ጥንቱ ለካው፦
ከዚህ ምሰሶ እስከዚያኛው ስንት ክንድ ነው?
ቋንቋ፣ የቅመም ሽታ፣ የቴሌቪዥኗ ጩኸት፣ የድመቷ ፀጉር፣
ቀን ቀን የሚተኛ አንድ ወንድ።
ቆየ። ቆየና
"ይሸከማል" አለ።

አርብ በአንሶላው ጀርባ፣ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ቅጹን ሞሉ።
አመልካቾች፦ አራት። የቤት እንስሳ፦ አንድ፣ አርጅታለች።
በአመልካቾች መካከል ያለው ዝምድና፦
እስክርቢቶው ቆመ።
እናት አይደለች። አማት አይደለች።
ጓደኛ እንዳይሉ ገና ሳምንት አልሞላቸው።
ሞሪን መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ገፋች፣ ጻፈች፦
"ጎረቤት።"
የየትኛው ቤት ጎረቤት? ብሎ የጠየቀ የለም።

ላኩት። መልስ እስካሁን አልመጣም።
ያን ሌሊት አንሹ፣ ሁሉም ሲተኙ፣
በአንሶላው ላይ፣ ከትልቁ በር ሥር
ትንሽ በር ጨመረ፣
ለድመቷ።